ሽንብራው ሙሉ ነበር

ይህ ጽሑፍ ቴራፒ ልጁ ጋ እንደታሰበው መድረሱን ስለመለካት ባሕር ዳር ላይ ለቴራፒ ባለሙያዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ሳሰፍረው ትንሽ አቃናሁት። የተሳቀባቸውን ቦታዎች ግን አልነካሁም።

እንደምን አደራችሁ።

ከዘጌ በጀልባ የመጣችሁ እናቶች እስቲ ከፊት ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከዚያ በፊት እለቃችኋለሁ። አባቶች ሦስት ናችሁ፤ ቆጥሬያለሁ። በርቱ። ባለሙያዎች ደግሞ ስልካችሁን አታጥፉት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

በአንድ ጣሳ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ሦስት ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ በአንጎል ጉዳት ምክንያት እንቅስቃሴን የሚያውክ፣ እኛ በአጭሩ ሲፒ የምንለው። ገና ብቻውን ቁጭ አይልም። ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚሠሩ ሦስት እንቅስቃሴዎች አሳየኋት። ማንበብ ስለማትችል ቅጽ አልሰጠኋትም። አንድ ባዶ ጣሳና ሽንብራ ሰጠኋትና፣ «ሠርታችሁ በጨረሳችሁ ቀን ሁሉ አንድ ሽንብራ ጣሳው ውስጥ ጣይ» አልኳት። በራሴ ብልሃት ኮርቼ ነበር፤ አልዋሽም።

በአራተኛው ሳምንት መጣች። ጣሳውን ዘርግፌ ቆጠርኩ። 28። አንድም አልጎደለም። ካርዱ ላይ «የቤት ውስጥ ልምምድ፣ መቶ በመቶ» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ግን ያው ነው። በሁለተኛውም ወር እንደዚያው፤ 28 ሽንብራና ያልተለወጠ ልጅ። ሦስተኛው ወር ላይ «ይህ ቴራፒ ለዚህ ልጅ አልሠራለትም» ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሣሁ።

ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ አልጻፍኩትም። ቤቷ ሄድኩ።

ሐይቁ ዳር፣ ቡና መሐል ያለች ቤት ናት። አማቷ ቡና ልታፈላ ጉድ ጉድ አለች። እኔም እንደ ዋዛ፣ «እስቲ እንደምትሠሩት አሳይኝ» አልኳት። ልጁን በጀርባው አስተኛችው። ቅቤ አመጣች። እግሩን ከላይ እስከ ታች ታሸው ጀመር። ቀስ ብላ፣ በፍቅር። ልጁም ይስቃል። ጨረሰችና ቀና ብላ አየችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ካሳየኋት ከሦስቱ አንዱ ወደ መታሸት ተለውጧል፤ ሁለቱ ጠፍተዋል።

አትፍረዱባት። ሰው ልጁን ይዞ እኛ ዘንድ ሲመጣ «ልታሽልኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። ፊዚዮቴራፒስት ማለት ለብዙ ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጌሻ ነው። ያሳየኋትን ነገር ባወቀችው ቋንቋ ተረጎመችው። እኔ ደግሞ መተርጎሟን አላየሁም።

«በዓልም ቀን ትሠራላችሁ?» ስል ጠየቅኋት። ደነገጠች። «በዓልማ እንዴት ተብሎ! ሥራ አይደል?» አለችኝ። አሁን ቁጠሩልኝ። 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። በዚያ ላይ እሑድ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ያደገች ሴት ናት፤ በ16 ቀን ሥራ አትነካም። ከወሩ አንድ ሦስተኛው እዚያ ሄደ። ለምን? «ይህን ሥራ በየቀኑ ሥሪ» ያልኳት እኔ ነኛ። ጨዋታ ብለው ኖሮ በበዓልም ይጫወቱት ነበር።

ሽንብራውስ? አማቷ ናት በሳቅ የነገረችኝ። «አንቺ ዘንድ ልትመጣ ስትል ማታውኑ ትሞላዋለች፤ እንዳትቆጫት ፈርታ ነው፣ ልጄ።»

እንግዲህ ሒሳቡን እዩት። እኔ ያዘዝኩት በቀን ሦስት፣ በአራት ሳምንት 84 ልምምድ ነው። ካርዴ ላይ ያለው መቶ በመቶ ነው። ልጁ ጋ የደረሰው ደግሞ አሥራ ስምንት ጊዜ ገደማ መታሸት። መታሸቱ ክፋት የለውም፣ ደስ ይለዋል። ቁጭ ማለትን ግን አያስተምርም። እና እኔ ሦስተኛው ወር ላይ ያልተሰጠውን ቴራፒ «አልሠራም» ልል ነበር።

ይህን ስህተት የሚያጠኑ ሰዎች ስም አውጥተውለታል። ስታቲስቲክስ የተማራችሁ ሁለቱን የስህተት ዓይነቶች ታስታውሳላችሁ፤ የሌለውን አለ ማለትና ያለውን የለም ማለት። በ1980 ዶብሰንና ኩክ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ሦስተኛው ዓይነት ስህተት ጻፉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ሦስተኛው ስህተት ከመደርደሪያ ያልወረደን መድኃኒት አላዳነም ብሎ መርገም ማለት ነው። በእኛ ሙያ ከሁለቱ ይልቅ ይኸኛው የሚበዛ ይመስለኛል። የምንጎዳውም ልጁን ነው፤ «አይሻለውም» የሚል ቃል አንዴ ካርድ ላይ ከሰፈረ ቀጥሎ የሚያየው ባለሙያ እሱን አንብቦ ነው የሚጀምረው።

ቴራፒው እንደታቀደው መሰጠቱን በእንግሊዝኛ የሚጠሩበትን ቃል እንዳለ ወደ አማርኛ ካመጣነው «ታማኝነት» ይሆናል። እኔ አልወደውም። ታማኝነት ሲባል ገንዘብ ያዥ ትዝ ይለናል። ታማኝ ያልሆነ ደግሞ ሌባ ነው። ያቺ እናት ሌባ አይደለችም። እኔም ብዙ ጥፋት አጠፋሁ እንጂ አልሰረቅኩም። ስለዚህ ዛሬ «እንደታሰበው መድረሱ» እያልኩ እሄዳለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ሰው ግን አያስቀይምም።

ምኑ ነው ታዲያ የሚለካው? በ2004 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር የተሰባሰቡ ባለሙያዎች አምስት ቦታ ተመልከቱ ብለው ጻፉ። የቴራፒው አነዳደፍ፣ የባለሙያው ሥልጠና፣ አሰጣጡ፣ ተቀባዩ ነገሩን መረዳቱ፣ በመጨረሻም የተረዳውን በኑሮው ማዋሉ። እኛ ከነዚህ ውስጥ የምንለካው ሦስተኛውን ነው። እሱንም በቀጠሮ ብዛት። ስምንት ጊዜ መጣ፣ ስምንት ጊዜ ታከመ። በቃ። የዛሬ አሥር ዓመት ራሴ የጻፍኳቸውን ካርዶች አገላብጬ አይቻለሁ። «ቴራፒ ተሰጥቷል» ይላል። ምን ዓይነት? ስንት ደቂቃ? ልጁ እያለቀሰ ወይስ እየተጫወተ? እኔው የጻፍኩትን እኔው ማንበብ አቃተኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ወላጆች፣ ይህ አዲስ የፈረንጅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚህ አገር ስንለካ የኖርን ነን። የቆሎ ተማሪ የኔታ ፊት ሲቀርብ የኔታ «አጥንተሃል ወይ?» አይሉትም። «በል» ነው የሚሉት። ይላል። አንዲት ቃል ብትዘለል፣ አንዲት ዜማ ብትሰበር እዚያው ያቆሙታል። በዙሪያቸው ሌሎች ተማሪዎች እየጮኹ እንኳ ስህተቱን ይለዩታል። ድጓን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ የዘለቀ ደግሞ በዚህ አያበቃም፤ ጋይንት ያለችው ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፤ እዚያ ባሉት መምህራን ፊት ይፈተናል። የዝማሬና የመዋሥዕቱ ማስመስከሪያ ዙር አምባ፣ የቅዳሴው ሰለልኩላ ነው። ነገሩን በእኔ ሙያ ዓይን ሳየው በጣም ነው የሚደንቀኝ። እያንዳንዱ መምህር በየአገሩ ሳያውቀው ትንሽ ትንሽ እየራቀ እንዳይሄድ መለኪያው አንድ ቦታ ተቀምጧል። ሁሉም እየመጣ ከሱ ጋር ይተያያል።

እኔ ለዚያች እናት «ሠርተሻል?» ነበር ያልኳት። የኔታ ቢሆኑ «በል» ይሏት ነበር። «አሳይኝ» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሦስት ወር ሙሉ አላልኩትም።

ዱላውን ግን ከየኔታ አንወስድም፤ እሱን እንተወው።

ማስመስከሩንስ እኛ እንዴት እናደርገዋለን? አንድ ቪዲዮ ሁለት ሰው ለየብቻ አይቶ ነጥብ ይሰጣል። ከዚያ ነጥቡን ያስተያያል። ሁለት ሰው በዕድልም ሊስማማ ስለሚችል፣ በዕድል የመጣውን ስምምነት ቀንሶ የቀረውን የሚያሳይ ስሌት አለ። ጃኮብ ኮኸን የሚባል ሰው በ1960 ያወጣው ነው፤ ካፓ ይሉታል። ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራዋል። ከስሌቱ በፊት ያለው ጭቅጭቅ ነው የሚጠቅመው። እኔና አንዲት ባልደረባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቪዲዮ አይተን ነጥብ ስንሰጥ «ልጁ በራሱ ሞክሯል ወይ?» የሚለው ላይ እሷ ሙሉ ሰጠች፣ እኔ ዜሮ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ልጁ አሻንጉሊቱን በዓይኑ ተከትሎ ነበር፤ እጁን ግን አላነሣም። ለእሷ ማየቱ ሙከራ ነው። ለእኔ አይደለም። ለካ ለአምስት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ «ሞከረ» የሚለውን ቃል ለየቅል ነበር የምንጽፈው።

«ጨዋታ እኮ አይለካም» የሚሉኝ አሉ። ይለካል። ዣን አይረስ የምትባል አሜሪካዊት የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲችል የሚረዳ ቴራፒ) ባለሙያ የጀመረችው የስሜት ሕዋሳትን የማቀናጀት ቴራፒ አለ። ላየው ሰው ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ሲጫወት ብቻ ነው የሚመስለው። ተከታዮቿ ግን ያንን ጨዋታ በ10 ነጥብ ዘርዝረው፣ ከ100 80 ያላመጣ ክፍለ ጊዜ በዚያ ቴራፒ ስም አይጠራም አሉ። ቴራፒው ይሠራል አይሠራም የሚለው ክርክር ሌላ ነው። ቢያንስ ስለ አንድ ነገር መከራከራቸውን ያውቃሉ።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልምጣ። ቆልማማ እግር።

ከእናንተ መሐል ልጁ ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ አለ፤ አይቻለሁ። በፖንሴቲ ዘዴ ነው የምናክመው። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በስፔን ተወልዶ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የሠራ ሐኪም ነው። እግሩ በእጅ ቀስ ብሎ ይቃናል፣ ጀሶ ይደረጋል፣ በየሳምንቱ ይቀየራል። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት ጀሶ ይበቃል። ብዙዎቹ ልጆች ላይ ከመጨረሻው ጀሶ በፊት የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ጥገና ይለቀቃል። ከዚያ ሁለት ጫማ በአንድ ዘንግ የተያያዘበት ብሬስ። ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አራት አምስት ዓመት እስኪሞላው በእንቅልፍ ሰዓት።

ይህን ህክምና በቁጥር ብቻ ከለካችሁት ትታለላላችሁ። ከፖንሴቲ በፊት ካይት የሚባል ሐኪም ነበር። እሱም ጀሶ ያደርጋል፤ እሱም በየጊዜው ይቀይራል። ልዩነቱ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ፖንሴቲ አውራ ጣቱን ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ባለችው አጥንት ራስ ላይ ያደርጋል። ካይት ግን ወደ እግሩ ውጨኛ ጎን መሐል ይጫን ነበር። በዚያ ሲጫን ተረከዙ ተቆልፎ ይቀራል። ፖንሴቲም ነገሩን «የካይት ስህተት» ብሎ ጠራው። አስቡት፤ በሁለት ጣት ስፋት ያህል ቦታ ነው የሚለያዩት። ስድስት ጀሶ ስድስት ጀሶ ነው፤ ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት ይጻፋል። ጀሶው ከጉልበት በታች ቆሞ ከቀረም እንደዚያው፤ ይንሸራተታል፣ እግሩን አዙሮ አይዝም፤ ቁጥሩ ግን ይሞላል። ስለዚህ የጀሶውን ቁጥር አልጠላም፤ አውራ ጣቱን ያየ ሰው ከሌለ ግን ምንም አልነገረኝም።

ብሬሱ ላይ ደግሞ ተራው የቤተሰብ ነው። አንድ አባት ነበሩ። ጎበዝ እጅ ያላቸው፣ ብረት በጣሽ። የልጃቸው ብሬስ መሐል ያለው ዘንግ ዓይናቸውን አሳመማቸው። ልጄን እንደ በቅሎ ለምን አስረዋለሁ ብለው ብሎኑን ፈቱት። ጫማዎቹን ግን 23 ሰዓት ያለማዛነፍ ያስሩለታል። ስንጠይቃቸው «ሌሊትም አላወልቅለትም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ብሬሱ ማለት ዘንጉ ነው። የታመመውን እግር ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ወደ ውጭ አዙሮ የሚይዘው እሱ ነው። ያለ ዘንጉ ጫማው ጫማ ብቻ ነው። እግሩ ተመለሰ። እንደገና ጀሶ።

በሌላ አገር ብሬስ ውስጥ ትንሽ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ቀብረው የሞከሩ አሉ። መሣሪያው የቆጠረው ሰዓት ወላጆች ከተናገሩት ያንሳል። አይገርምም። የእኔን ሽንብራ በኤሌክትሪክ መሥራት ነው። መሣሪያው ዘንጉ ለምን እንደተፈታ ግን አይነግራችሁም። አባትየውን ቁጭ ብሎ ማናገር ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሁሉም እንደ መጽሐፉ ይሁን ነው የምትዪው?» የሚል አለ። አይደለም። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች መደብ አያውቁም። አንድ ልጅ ጥሩ ድጋፍ ባለው ልዩ ወንበር ላይ ይቀመጥ ይላል። ወንበሩ የለንም፤ መደብ አለን። ጥግ ላይ፣ ግድግዳው ጀርባውን ይዞለት፣ በርጩማ ፊቱ ተቀምጦለት መደብ ላይ ቢቀመጥ ዳሌውና እግሩ እስከተደገፈ ድረስ ቁም ነገሩ አልጠፋም። አንድ እጁ የደከመ ልጅ ትናንሽ ኩቦች ያንሣ ይላል። ኩብ የለም። ቆሎ አለ። ሰፌድ ላይ ቆሎ የለቀመ ልጅ ማንኛውም ኩብ ያነሣ ልጅ የሚያገኘውን ያገኛል፤ በላዩ ላይ ይበላል። ብሎኑን የፈቱት አባትም ልጇን መደብ ላይ እንደምታስቀምጥ እናት «አመቻቸሁት» ነው የሚሉት። ልዩነቱን የሚያውቀው «እዚህ ውስጥ ቴራፒውን ቴራፒ የሚያደርገው የቱ ነው?» ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው። ይህን ለወላጅ የመንገር ዕዳ የእኛ ነው። ለእኒያ አባት ስለ ዘንጉ ማንም አልነገራቸውም ነበር። ጫማውን አስተሳሰር ግን ሦስት ጊዜ አሳይተናቸዋል።

አንድ እጅን የማሰር ቴራፒም አለ። ደህነኛው እጅ ጓንት ይደረግበትና ልጁ በደከመው እጅ እንዲጠቀም ይገደዳል። በአንድ ጎናቸው ሲፒ ላለባቸው ልጆች ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ዘዴዎች አንዱ ነው። እኛ ዘንድ የሚፈርሰው አያት ዘንድ ነው። ልጁ ቀኝ እጁ ታስሮ በግራው ሲንደፋደፍ አያት አያስችላቸውም። ፈተው ያጎርሱታል። ማን ይፈርድባቸዋል? ስለዚህ አሁን ስንለካ «አያት ቤት ውስጥ አሉ? ተነግሯቸዋል?» የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ አለን። በየትኛውም የውጭ ቅጽ ላይ አላገኘሁትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ አንደኛው ጥያቄ እሱ ነው።

ስለ ሰዓት ትንሽ። ልጁ በሁለት ሳምንት አንዴ ለግማሽ ሰዓት እኛ ዘንድ ቢመጣ፣ አንድም ሳይቀር፣ በዓመት 13 ሰዓት ነው። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። እኛ በ13ቱ ሰዓት ላይ ስንራቀቅ የቀረው ሁሉ እናንተ ዘንድ ነው ያለው። አውስትራሊያ ውስጥ በ2009 የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ ሲፒ ያለባቸው 36 ልጆች ናቸው። ቤተሰቦቹ ከቴራፒስቱ ጋር ተማክረው ግቡን ራሳቸው መረጡ። በወር ስንት ጊዜ ሠሩ መሰላችሁ? በአማካይ 17 ጊዜ ተኩል ገደማ። በአንዴ 16 ደቂቃ ከምናምን። በስምንት ሳምንት ልዩነት ታየ። ልብ በሉ፣ በየቀኑ አይደለም። ከሁለት ቀን አንዱን ማለት ይቀላል። እኔ ለዚያች እናት 28 ቀን፣ በቀን ሦስት ብዬ ነበር። ቡና የምትለቅም፣ ውሃ የምትቀዳ፣ ሌላ ሁለት ልጅ ያላት ሴት ናት። በሽንብራ እንድትዋሽ ያደረግኋት እኔው ነኝ።

«መቶ በመቶ» የሚል ነገር ሳይ አሁን የምጠራጠረውም ለዚህ ነው። በ2008 ዱርላክና ዱፕሬ ከ500 በላይ ጥናቶችን ያካተተ ግምገማ አወጡ፤ በልጆችና በወጣቶች ላይ ስለሚሠሩ የመከላከልና የጤና ማበልጸጊያ ፕሮግራሞች ነው። ከታሰበው 60 በመቶ አካባቢ በደረሰበት ቦታ ጥሩ ውጤት ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። ከ80 በላይ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው። በሁሉም ሠራተኞቹ መቶ የሞላ አንድም የለም። አንድም! የኛ ካርድ ግን በመቶዎች ተሞልቷል። ወይ እኛ ከዓለም በልጠናል፣ ወይ ደግሞ ማታውኑ ሽንብራ እየሞላን ነው።

ባለሙያዎች ሳቃችሁ። እስቲ ቢኤስሲ የሚባለውን የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ፎርም ሞልቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ? ራሳችንን 95 ሰጥተን፣ አለቃ 93 አድርጎልን፣ ፋይል ውስጥ ገብቶ። አያችሁ፤ ማንም ሰው ፈርቶ የሚሞላው መለኪያ ሽንብራ ነው። ስለዚህ ይህን ነጥብ ከዕድገትና ከቦነስ ጋር ያያያዘ ኃላፊ ካለ ከነገ ጀምሮ እውነት አያገኝም። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ኃላፊዎች ከኋላ ተቀምጣችሁ እየሰማችሁ ስለሆነ ደግሜ እለዋለሁ። ነጥቡ ሠልጣኙና አሠልጣኙ ጋ ይቅር።

የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባ፣ ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። እኔ ሦስቱን ጉብኝቶች እወዳቸዋለሁ። ቅቤው የሚታየው እዚያ ነው።

በአንድ ነገር ግን አትሳቱ። እንደታሰበው መድረሱ ጥሩ ነው የምለው የታሰበው ነገር ጥሩ ከሆነ ነው። የማይረባ ዘዴን ሳያዛንፉ መስጠት የማይረባውን ማብዛት ነው። ለዓመታት በትጋት የሰጠናቸው፣ በኋላ ማስረጃቸው ደካማ ሆኖ የተገኘ ነገሮች አሉ። እኔ ራሴ የልጅን ጡንቻ በእጄ እየሳብኩ ስንት ሰዓት እንዳጠፋሁ! በጣም በጥንቃቄ ነበር የምስበው። ነጥብ ቢሰጠኝ 90 አገኝ ነበር።

እሺ፤ ስልካችሁን አውጡ። ከሰኞ ጀምሮ የምለምናችሁ ነገር ትንሽ ነው። ከአምስት ክፍለ ጊዜ አንዱን ለአሥር ደቂቃ ቅረጹ። እናትየው ከፈቀደች፣ ለማን እንደሚታይ ከነገራችኋት በኋላ፣ ከታየ በኋላም እንደሚጠፋ ቃል ገብታችሁ። የትኛው እንደሚቀረጽ አስቀድማችሁ አትምረጡ፤ በዕጣ ይሁን፤ አለዚያ ሁላችንም ጎበዙን ልጅ ነው የምንቀርጸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ወጣቶች አላችሁ፤ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው እዚያ ስለሆነ እኛ አሮጌዎቹ ያላየነውን አይታችኋል። እኛን ቅረጹን። መጀመሪያ ላይ ካሜራ ሲያይ ሁሉም ጨዋ ይሆናል። ሦስተኛው አራተኛው ላይ ይረሳዋል፤ እውነተኛው ያኔ ይጀምራል።

ከጤና ኤክስቴንሽን የመጣችሁ እህቶች፣ እናንተን ቅጽ አላሸክማችሁም። በቂ አላችሁ። ቤት ስትገቡ «ትሠራላችሁ?» አትበሉ። «የትኛው ቀን ከበዳችሁ?» በሉ። ይህችን ጥያቄ ያቺው እናት ናት ያስተማረችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እንደዚያ ስጠይቃት ሽንብራው በወር 15፣ 16 ሆነ። ሦስቱን እንቅስቃሴ አንድ አደረግነው፤ ልጁ መደብ ጥግ ተቀምጦ ሰፌድ ላይ ቆሎ ይለቅማል፣ እሷ ቡና ስትለቅም። ጨዋታ አልነው። በበዓልም ይጫወታሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልላትም፤ የሲፒ ልጅ እናት ይህን ተረት ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል። ግን በስድስተኛው ወር ግድግዳውን ሳይደገፍ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦ አየሁት። ካርዱ ላይ 54 በመቶ ነበር የሚለው።

ጥያቄ ካለ። እዚያ ጋ፣ ነጠላ የለበሱት እናት።

(እናትየዋ ተነሥተው ጠየቁ። «እኛን እንዲህ ከለካችሁ እናንተንስ ማን ይለካችኋል?» አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የመለስኩትን እንዳለ ነው የማሰፍረው።)

እውነትዎን ነው። ባለፈው ዓመት ስምንት ሥዕል ያለበት ወረቀት ሠራን። ቃል የለውም፤ ፈገግ ያለ ፊትና የተኮሳተረ ፊት ነው። ለወላጅ ይሰጣል፤ እኔን ይለኩኛል። «አሳየችኝ?» «እንድሞክር ጊዜ ሰጠችኝ?» «የከበደኝን ጠየቀችኝ?» እንዲህ እንዲህ ያለ ነው፤ ጥያቄውን ሌላ ሰው ነው የሚያነብላቸው፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ የለሁም። የመጀመሪያዋ የሞላችልኝ የሽንብራዋ እናት ናት። ሰባቱ ላይ ፈገግታ ሰጠችኝ። ስምንተኛው ላይ ኮስታራውን ፊት ነው የመረጠችው። ስምንተኛው «ልጁን ራሱን አናገረችው?» ይላል።

ልክ ነበረች። ስለ ልጁ ግማሽ ሰዓት አወራን፣ ፊቱ ተቀምጠን። በስሙ አልጠራሁትም ነበር።